ስቶቯ ያልተሳፈረችበት መርከብ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ መርከቡን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አባዬ "ልጄ ናት የመረጠችው" እያለ ፍራንክፈርት ላለ ሐበሻ ሁሉ አውርቶ ስለጨረሰ መደበቅ አልችልም፤ ብችልም አልደብቅም። ከተመለስን ወዲህ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ የሚያገኘኝ ሁሉ "ለልጆች ይሆናል? ባሕሩ አያስፈራም? ጾሙንስ እንዴት አደረጋችሁት?" እያለ ይይዘኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። መሄድ ለማይመቸውም እንደሄደ ይቆጠርለት።

እኛ አራት ነን። አባዬ ሰፈራችን ዚንድሊንገን ካለው ትልቅ የኬሚካል ፋብሪካ ይሠራል። እማዬ መጦሪያ ቤት ውስጥ አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። እኔ ሶስና ነኝ፤ ቤት ውስጥ ሶሲ። ታናሽ ወንድሜ ናታን ገና ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በአማርኛ ሲጠሩት በጀርመንኛ ይመልሳል።

በጋ በመጣ ቁጥር የምንሄደው ሽቱትጋርት አጎቴ ቤት ነበር። ሳሎኑ ላይ ፍራሽ ይነጠፋል፤ የእኛም የእነሱም ልጆች እንደ እንጨት ተደርድረን እንተኛለን። ለእኛ ደስ ይላል። እማዬ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ትገባና የምትወጣው የመመለሻችን ቀን ነው። ባቡር ላይ ስንቀመጥ "ኡፍፍ፣ አሁን ሥራ ልግባና ልረፍ" ትላለች። ሁልጊዜ እንስቅ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አባዬ አልሳቀም። ዘንድሮ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ጠራኝ።

"ሶሲ፣ ጀርመንኛውም ያንቺ ነው፣ ኢንተርኔቱም ያንቺ ነው። አንድ ነገር ፈልጊልኝ። ልጅ የሚያጫውት ይሁን። እናትሽን ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ ምድጃ የማያስነካት።"

"ካገኘሁስ?"

"ካገኘሽ እንሄዳለን። ሄደን እናትሽ ካበሰለች ግን ከርሞ ሽቱትጋርት ነን። ሁለተኛ ክርክር የለም።"

በእጅ ተጨባበጥን።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መርከብ የሚለውን ሐሳብ ያገኘሁት ከክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ግን መርከብ ማለት እልፍ ነው። መጀመሪያ በራይን ወንዝ የሚሄደውን ለእማዬ አሳየኋት፤ ቅርብ ነው፣ አያናውጥም። ሥዕሉን አተኩራ አየችው። ከተሳፋሪው አንድም ጸጉሩ ያልሸበተ የለም። "ይኼማ ሥራ ቦታዬ ነው" አለችና ስልኩን መለሰችልኝ። ወደ ጣሊያንና ግሪክ የሚሄደውን ለአባዬ ሳሳየው ደግሞ የሙቀቱን ልክ አይቶ "ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይጠበሳል?" አለ። እንግሊዝ አገር የሚቆሙትን ሁሉ ራሴ ጣልኳቸው፤ የእማዬ ፓስፖርት እስካሁን የኢትዮጵያ ስለሆነ ለዚያ ሌላ ቪዛ መለመን ነው፣ እሷ ደግሞ በሕይወቷ ለበቂ ቴርሚን፣ ለቢሮ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ተሰልፋለች። አራት ሰው አንድ ክፍል የማያስተኙትንም ጣልኩ። የልጆች መዋያ ቤታቸው ከስድስት ዓመት በላይ የማይቀበለውንም ጣልኩ፤ ናታን ቀኑን ሙሉ እኛ ላይ ቢንጠለጠል የማን ዕረፍት ይሆናል?

መጨረሻ ላይ የቀረው ከኪል ከተማ ተነስቶ በዴንማርክ በኩል ኖርዌይ ደርሶ የሚመለሰው ነው። እስከ ኪል በባቡር ይደረሳል፤ ቪዛ አይጠይቅም፤ አይሞቅም፤ ክፍላችን መስኮት አለው። አንድ ችግር ብቻ ነበረው። እማዬ ከሥራ ዕረፍት የተፈቀደላት ነሐሴ ላይ ነው፣ ያም ማለት ፍልሰታ ጾም መሃል። የመርከቡን የምግብ ዝርዝር አየሁ፤ "ቪጋን" የሚል አረንጓዴ ቅጠል አለበት። የእኛ ጾም በጀርመንኛ ቪጋን ይባላል። አለቀ! ብዬ ደመደምኩ።

እትዬ ብርቄ ግን አልተስማሙም። እትዬ ብርቄ ሮደልሃይም የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እማዬ ፍራንክፈርት አዲስ የገባች ጊዜ ያስጠጓት እሳቸው ስለሆኑ እንደ እናት ነው የምናያቸው። ወሬውን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ታደለች? አንድ ሳምንት ሳታበስል? ኧረ ተዪኝ ልጄ!"

"ያያሉ እትዬ።"

"እሷ አንድ ሳምንት ከምድጃ ከራቀች እኔ ብርቄ በዚህ ዕድሜዬ ከናንተ ጋር መርከብ እሳፈራለሁ።"

ይኼ ትልቅ ቃል ነው። እትዬ ብርቄ የማይን ወንዝን በድልድይ ሲሻገሩ እንኳ መሃል መሃሉን ይዘው፣ ዳር ዳሩን ሳያዩ ነው። ውሃ አይወዱም።

ቅዳሜ

ገና ጎህ ሲቀድ ከዚንድሊንገን በከተማው ባቡር ወደ ዋናው ጣቢያ ሄድን። እትዬ ብርቄ ሊሸኙን መጥተው ነበር፤ ናታንን ሳሙት፣ ለእማዬ ጠበል በትንሽ ጠርሙስ ሰጧት፣ የእማዬን ሻንጣ ደግሞ በእጃቸው መዝነው አዩት። "ታደለች፣ ምን ከተሽ ነው እንዲህ የከበደው?" እማዬ "ብርድ አለ ሲሉኝ ሹራብ ነዋ" አለች። እትዬ ብርቄ እኔን አይተው ጠቀሱኝ። ያኔ አልገባኝም።

ሃምቡርግ ባቡር ስንቀይር አባዬ ያንን ሻንጣ ደረጃ ለደረጃ እያወጣ "ሹራቡ የብረት ነው እንዴ?" አለ። እማዬ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቀድማ ወጣች። መንገድ ላይ እኔና አባዬ ዳቦ በሱፍ ፍትፍት በላን፤ ናታን ገና ልጅ ነው ብለን ያሻውን ተውንለት፤ እማዬ በፍልሰታ ቅዳሜ እሑድ ሳትል ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት፣ በጀርመኑ አሥራ አምስት ሰዓት ማለት ነው፣ ውሃም ወደ አፏ አታስገባም።

ኪል ደርሰን መርከቡን ስናይ ናታን እንኳ ጀርመንኛው ጠፋበት። ፍራንክፈርት ኦይሮፓፊርቴል ሰፈር ያሉትን አዳዲስ ፎቆች የምታውቁ፣ አንዱን ሙሉ መንገድ ከነሰገነቱ ገፍታችሁ ውሃ ላይ አስተኙት። እሱ ነው። አባዬ አንጋጦ አይቶ አይቶ "ይኼ ሁሉ ብረት እንዴት አይሰምጥም?" አለ። ፋብሪካ ሠራተኛ አይደል፤ ብረት ያውቃል።

ክፍላችን ጠባብ ነው፤ ግን ተአምር ነው። ሁለት አልጋ ከግድግዳው ውስጥ ተስቦ ይወጣል። ናታን የላይኛውን ያዘ። መስኮቱ ክብ ነው። ሻንጣዎቹን ወደብ ላይ ተቀብለውናል፤ በራችሁ ላይ ታገኟቸዋላችሁ ብለውናል። ሁለቱ መጡ። የእማዬ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ስልክ ተደወለና እኔ አነሳሁት፤ የሻንጣው ባለቤት ወደ ጥበቃ ክፍል ትምጣ ይላል።

"እማዬ፣ ሻንጣሽ ውስጥ ምን አለ?"

"ልብስ።"

"ልብስ ብቻ?"

"ልብስና… ልብስ።"

ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ሌሎችም ጥፋተኞች ተሰልፈዋል። አንድ ጀርመናዊ ካውያ ይዞ መጥቶ ተይዟል፤ አንዲት ሴትዮ ሻማ። ተራችን ደረሰና ጥበቃው የእማዬን ሻንጣ ከፈተው። የአባዬን ወፍራም ሹራብ አወጣ፤ ሹራቡን ፈታው፤ ከውስጡ አንድ ድስት የምትይዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ወጣች።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ በጀርመንኛ።

እማዬ ረጋ ብላ "ለሻይ ነው" አለችው።

ቀጥሎ ድስት አወጣ። ማማሰያ አወጣ። ሽንኩርት አወጣ። "ይኼም ለሻይ?" ከዚያ በፕላስቲክ የታሰረ ሽሮ፣ ከዚያ በርበሬ። የበርበሬውን ከረጢት አንስቶ አገላበጠና፣ ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ፈትቶ አሸተተው። አይ ያ ሰውዬ! ማስነጠስ ጀመረ፤ ባለካውያውም ተከተለው፤ ባለሻማዋም ተከተለች። እማዬ በመሃል "ይማርህ፣ ይማርህ ልጄ" ትለዋለች።

ሽሮውንና በርበሬውን መለሱልን። ስቶቯ ግን እሳት ስለምታስነሳ አትሳፈርም፤ ስትወርዱ ትወስዷታላችሁ ተባልን። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ አባዬ ዞረ።

"ታደለች! በእኔ ሹራብ?"

"ታዲያ እንዳትሰበር ነዋ!"

"አታበስዪም ተባብለን አልነበር?"

"ጾም ነው እኮ ሰሎሞን! ልጆቼ እዚህ ባሕር መሃል የሚበላ ቢያጡስ? ዋናተኛ ነኝ ሄጄ የማመጣላቸው?"

ከርሞ የምንተኛበት የሽቱትጋርቱ ፍራሽ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። መርከቡ ገና ገመዱን አልፈታም፣ እኔ ተሸንፌያለሁ።

እሑድ

ኮፐንሃገን ዘነበ። በእግራችን ዞርን፤ ባለብስክሌት ሁለት ጊዜ ሊገጨን ነበር። የፍራንክፈርት ብስክሌተኛ ቢያንስ ይሳደባል፤ እነዚህ ዝም ብለው ይመጣሉ። አንዲት ዳቦ ቤት ያለች ሴት ናታን መርጠቡን አይታ ከጓሮ ፎጣ አምጥታ ጸጉሩን አደረቀችለት፤ የገዛነው አንዲት ዳቦ ብቻ ነበር። ከተማው ውብ ነው፤ ከተማው ግን ዛሬ ወሬዬ አይደለም።

ወደ መርከቡ ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እማዬ ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ምግብ አዳራሹ ስንገባ የምሳው ሰዓት አልቆ፣ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ሁሉ ተነስቶ፣ የቀረው ኬክና ቋሊማ ነው። እኔ ይኼን አላሰብኩም ነበር። ቪጋን መኖሩን እንጂ ቪጋን ስንት ሰዓት እንደሚነሳ አላየሁም። ፍራፍሬ ፍለጋ ሮጥኩ። ስመለስ እማዬ ወንበሯ ላይ የለችም።

አገኘኋት። የሻይ ውሃ የሚቀዳበት ማሽን ጋ ቆማለች። ከቦርሳዋ ሽሮ አውጥታ ብርጭቆ ውስጥ ጨምራ፣ ፍል ውሃ ቀድታበት በሻይ ማንኪያ ታማስላለች። ሽሮው ተጓጉሎ አንዳንዱ ይንሳፈፋል፣ አንዳንዱ ሥር ተቀምጧል። በዙሪያዋ ሻይ ሊቀዳ የመጣ ሰው ተሰልፎ በአክብሮት ይጠብቃታል።

"እማዬ፣ በፈጣሪ!"

"ልክ ሊሆን ነው፣ ቆዪ።"

"አይበስልም እኮ!"

"አውቃለሁ አይበስልም!" አለችና ድንገት ድምጿ ተሰበረ። "ርቦኛል ሶሲ።"

እዚያው ማልቀስ አማረኝ። አንድ አስተናጋጅ መጣ፤ ጠይም፣ ረጅም፣ ደረቱ ላይ ቢጁ የሚል ስም የተለጠፈበት፣ ሕንዳዊ ነው። የተሰበረ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ "እመቤት፣ ሾርባው ምን ሆነ?" አላት። እኔ አስረዳሁት፤ ጾም ላይ ነን፣ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ዓሣም የለም።

"ቪጋን?"

"ቪጋን ነው፤ ግን ለማርያም ነው" አልኩት። ሌላ ማብራሪያ አልመጣልኝም።

ቢጁ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከሸሚዙ አንገት ሥር በቀጭን ሰንሰለት የታሰረች መስቀል ሳብ አድርጎ አሳየን። እሱም ኦርቶዶክስ ነው፤ ኬረላ ከሚባል የሕንድ አገር ነው የመጣው። እነሱም አሁን የማርያምን ጾም እየጾሙ ነው፤ የእነሱ ከኛ ትንሽ ቀድሞ ገብቶ ቀድሞ ይፈታል። ለእማዬ ስተረጉምላት የሰማችው ግማሹን ነው፤ መስቀሏን ነበር የምታየው።

"ማተብ አለው!" አለች። "ሶሲ፣ ልጁ ማተብ አለው!"

"ስንት ሰዓት ይበላሉ?" አለኝ ቢጁ።

"በአሥራ አምስት ሰዓት።"

"ነገ በአሥራ አምስት ሰዓት" አለ፣ "መስኮቱ አጠገብ።" የዚያን ቀንም ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ሩዝና የተቀቀለ ባቄላ አመጣላት። ያንን ሽሮ ወስዶ ሲደፋው ደግሞ እኔ እንዳላይ ዞር ብሎ ነው፤ ጨዋ ነው።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ባሕር ብቻ። መሬት የለም፤ ግራጫ ውሃና ግራጫ ሰማይ። ናታን ከልጆች መዋያ አልወጣም፤ ላመጣው ስሄድ "ኖኽ ፉንፍ ሚኑተን" ይላል፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ማለቱ ነው፤ ያቺ አምስት ደቂቃ እስከ እራት ሄደች። ያ ምርጫ ትክክል ነበር፤ አንድ በሉልኝ።

እማዬ ግን ጠዋት ተነስታ የአራታችንንም አልጋ አንጥፋ ነበር፤ መጦሪያ ቤት እንደምታነጥፈው፣ ጠርዙ እንደ ፖስታ ታጥፎ። ክፍል የሚያጸዳው ሰው ገብቶ አየና "እኔ ያበላሸሁት ነገር አለ?" ብሎ በጭንቀት ጠየቀን።

በዘጠኝ ሰዓት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። ቢጁ የተከደነ ሳህን አመጣ። ከፈተው። ክክ! ቢጫ ክክ፣ ቃሪያና ዝንጅብል ያለበት፣ ላዩ ላይ የማናውቀው ትንሽ ቅጠል የተጠበሰበት። ወጥ ቤት ውስጥ ያለ የአገሩ ልጅ ነው የሠራው። እማዬ አማተበች፣ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"እንዴት ነው?" አልናት እኔና አባዬ።

"ሰው የሠራው ነው" አለች።

ሌላ ሰው ቢሰማት ምንም አይደለም። እኛ ግን እናውቃታለን፤ ሰው ሠርቶ ያቀረበላትን ትኩስ ምግብ ተቀምጣ ስትበላ መቼ እንዳየኋት ማስታወስ አልቻልኩም። ጨርሳ ወዲያው ሳህኖቹን መደራረብ፣ ጠረጴዛውን በሶፍት መጥረግ ጀመረች። ቢጁ ሮጦ መጥቶ ከእጇ ቀማት።

"ልርዳው እንጂ! እንግዳ ሆኜ ዝም ብዬ ልጎለት?"

አባዬ እጇን ይዞ አስቀመጣት። "እንግዳ ማለት የሚቀመጥ ነው ታዱ።"

ማክሰኞ

ጠዋት የመስኮቱን መጋረጃ ስንከፍተው ባሕሩ ጠፍቶ ተራራ ነበር። መርከቡ በሁለት ገደል መሃል በጠባብ ውሃ ይሄዳል፤ ፊዮርድ ይሉታል፤ ውሃው እንደ መስተዋት የረጋ ነው። አባዬ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ መርከቡ ሰገነት ላይ ወጥቶ ኮፍያውን አወለቀ። "ጣርማ በር!" አለ። "ጣርማ በር ከሥሩ ውሃ ሞልቶበት!" አጠገቡ ለቆመው ጀርመናዊ ሁሉ ስለ ጣርማ በር አስረዳ። አንዱማ ከመርከቡ ተወርዶ የሚጎበኝ ቦታ መስሎት ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቀ።

ከሰዓት በኋላ ጋይራንገር ወደሚባለው መጨረሻ ስንቃረብ ሰው ሁሉ ካሜራ ይዞ ወጣ። ሰባት ፏፏቴ ጎን ለጎን የሚወርድበት ታዋቂ ቦታ ነው፤ ሁሉም ለእሱ ነው የመጣው። ፀሐይ ወጥታለች። እማዬ ክኳን በልታ መጥታ በተዘረጋው ወንበር ላይ ጫፉን ይዛ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ጀርባዋን ደገፈች። ትንሽ ቆይታ እግሯን አነሳች። ፎቶ ላነሳላት ዞር ስል ተኝታለች።

እማዬን በቀን ተኝታ አይቻት አላውቅም። ታማም ቢሆን ተቀምጣ ነው። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ አንድ ጫማዋ ወልቋል፣ እጆቿ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር የያዙት እጆቿ፣ ባዶአቸውን መዳፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጠዋል። ናታን "ማማ! ማማ!" እያለ ሲሮጥ መጣ፤ በሁለት እጄ ያዝኩት። አባዬ ያንን ሹራብ፣ ስቶቭ የተጠቀለለበትን ሹራብ፣ አውልቆ አለበሳት። ሦስታችን እንደ ጠባቂ ዙሪያዋን ቆምን።

ፏፏቴው አለፈ። ሰው ሁሉ "ኦ!" አለ። እማዬ አላየችውም። እኔም አላየሁትም፤ እሷን እያየሁ ነበር። ስለዚህ ስለ ፏፏቴው የምትጠይቁኝ፣ ውሃ ነው አሉ።

ረቡዕ

ዝናብ። በአንዲት ትንሽ መንደር ወርደን ዳገት ወጣን። ናታን ድንገት ቆመና "ፍየል!" ብሎ ጮኸ። በአማርኛ! ማንም ሳይጠይቀው! አጥር ላይ የቆመች አንዲት ነጭ ፍየል ነበረች። አባዬ ፍየሏን በኖርዌይ መሬት አቅፎ ሊስማት ምንም አልቀረውም። የፍየሏ ባለቤት ሴትዮ ወጥታ ስታየን ሳቀችና ናታን ቅጠል እንዲያበላት በሩን ከፈተችለት። "ሙሉ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ክፍል የወሰድኩት" አለ አባዬ፣ "ለካ የሚያስፈልገው ፍየል ነው።"

የዚያን ቀን ጠዋት ደግሞ እማዬ አልጋውን አላነጠፈችም። እኔም በሆዴ እልል አልኩ።

ሐሙስ

ስታቫንገር የእንጨት ቤቶች ከተማ ነው፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም በረንዳ ላይ አበባ። የቢጁ ጾም የተፈታበት ቀን ነበር። እማዬ በምን እንደምትመርቀው ስትጨነቅ አደረች። በመጨረሻ ሽሮዋን በሙሉ፣ በርበሬዋን በሙሉ፣ ያንን ዚንድሊንገን ድረስ ከአገር ቤት የተላከውን፣ በሁለት እጇ አቀረበችለት። "ለአንተም፣ ለዚያ ክኩን ለሠራው ልጅም። ሠራተኞቹ በሚበሉበት ሠርታችሁ ብሉት። አገራችሁ በሰላም ያግባችሁ።" እኔ እየተረጎምኩ ነበር፤ ምርቃቱ ጀርመንኛ ላይ ሲደርስ አጠረብኝ፣ ግን ቢጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለው።

ዓርብ

የመጨረሻው የባሕር ቀን። በዘጠኝ ሰዓት ቢጁ ክኩን ይዞ መጣ፤ ፊቱ ግን ጥፋተኛ ይመስላል።

"ሽሮውን ሠራነው" አለ።

"እህ!" አለች እማዬ።

"እንደ ሲሚንቶ ሆነ። ማንኪያው ቆሞ ቀረ።"

እማዬ ሳቀች። እንዲህ አይደለም፤ ጠረጴዛውን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ጎረቤት ያሉት ጀርመኖችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው እስኪስቁ። "ሽሮውን መጀመሪያ ጨመራችሁት! መጀመሪያ ሽንኩርቱ፣ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ውሃው ይፍላ፣ ከዚያ ነው ሽሮው በትንሽ በትንሹ!" በእጇ አየሩን እያማሰለች አሳየችው።

ያኔ ነው ቢጁ ያንን ያለው። "የወጥ ቤቱ አለቃ ፈቅዷል። ዛሬ ወጥ ቤቱ ሊያዩት ለሚፈልጉ እንግዶች ክፍት ነው። ከፈለጉ እመቤት ገብተው ያሳዩን፤ ድስቱ ተዘጋጅቷል።"

ተረጎምኩት። መተርጎም አልነበረብኝም፤ ግን ተረጎምኩት።

የእማዬ ዓይን በራ። እጇ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ፣ ከወንበሩ ግማሽ ተነሳች። አባዬ እኔን አየኝ፣ እኔ አባዬን። ሳምንቱ ሙሉ፣ ክኩ፣ እንቅልፉ፣ ያልተነጠፈው አልጋ፣ ሁሉ በአንድ ድስት ሊሄድ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ አባዬ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ተያት አለኝ በዓይኑ። እሷ ትምረጥ።

እማዬ እንደተነሳች መስኮቱን አየች። ባሕሩን አየች። ክኳን አየች፤ እንፋሎቱ ገና ይወጣል። ከዚያ ቀስ ብላ መልሳ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን አስተካከለች።

"አመሰግናለሁ ልጄ" አለችው። ቀጥላ ማንም እንዲተረጉምላት ሳትጠብቅ፣ በራሷ ጀርመንኛ፣ አዳራሹ እስኪሰማ "ኢሽ ቢን ኢም ኡርላውብ!" አለች። እኔ ዕረፍት ላይ ነኝ።

አባዬ አጨበጨበ። ናታን ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ። ቢጁ ወንበር ጠጋ አድርጎ፣ የማብሰሉን ነገር እማዬ ተቀምጣ እየነገረችው፣ እሱ ስልኩ ላይ ጻፈው።

ቅዳሜና ማግስቱ

ኪል ላይ ስንወርድ ቢጁ መውረጃው ድረስ ሸኘን፤ እማዬ ግንባሩን ሳመችው። ስቶቯን መለሱልን፤ ጥበቃው ያው ሰውዬ ነው፤ እማዬን ሲያያት አፍንጫውን ያዘና ሳቀ። ባቡሩ ውስጥ እማዬ "አሁን ሥራ ልግባና ልረፍ" እንድትል ጠበቅናት። አላለችም። መስኮቱን ተደግፋ እስከ ፍራንክፈርት ተኛች።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ብርቄ ቤታችን መጡ፤ ፍርድ ሊሰጡ ነው። በሩን ከፈትኩላቸው። ሳሎን ሲገቡ እማዬ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ተነስታ ጉንጫቸውን ሳመችና ተመልሳ ተቀመጠች። ከወጥ ቤት የሽንኩርት ሽታ ይመጣል። እትዬ ብርቄ አዩዋት፣ ሽታውን በአፍንጫቸው ሳብ አደረጉ፣ እንደገና አዩዋት።

"ታደለች፣ ታዲያ ወጡን ማን ነው የሚሠራው?"

"ምን አውቄ እትዬ" አለች እማዬ። "ስቶቯን ሰጥቻቸዋለሁ።"

እትዬ ብርቄ ወደ ወጥ ቤቱ አንገታቸውን አሰገጉ። አባዬ ትልቁን ምድጃ ትቶ በዚያችው ትንሽ ስቶቭ ላይ ሽሮ ያማስላል፤ ናታን ሽሮውን በትንሽ በትንሹ ይጨምራል፤ ግድግዳው ተጨማልቋል። እትዬ ብርቄ ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ሶስና ልጄ።"

"አቤት እትዬ።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያ መርከብ… መሃል መሃሉ ላይ ክፍል አለው?"